ሃያኛው ጀልባ

«ሞተሩስ?» አለ ቀስበሉ።

«የምን ሞተር?» አለ ሻጩ።

እኔ በመሃላቸው ቆሜ አንዴ ይህን አንዴ ያንን አያለሁ። ቀስበሉ ጀልባውን ሦስት ጊዜ ዞሮት፣ ከሥሩ ተንበርክኮ ገብቶ በጣቱ አንኳኩቶት፣ አፍንጫው ላይ አቧራ ይዞ ወጥቶ ነው የጠየቀው። ጀልባው ደረት ላይ የተለጠፈው ወረቀት አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ይላል። ቁጥሩ ጉልህ ነው፤ መነጽሬን ቤት የረሳሁት እኔ እንኳ ከበሩ ላይ አንብቤዋለሁ።

«የዚህ ሞተር ነዋ» አለ ቀስበሉ የጀልባውን ጅራት እያሳየ። «ቦታው ባዶ ነው። ለማጠብ ነው ያወረዳችሁት?»

ሻጩ መነጽሩን ከፍ አደረገ። አርባዎቹን ሊጨርስ የደረሰ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ የደከመ ሰው ነው። «ጌታዬ፣ ይሄ የጀልባው ዋጋ ነው። ሞተር ለብቻው ነው።»

«ሞተር የሌለውን ምን ልበለው ታዲያ?»

«ጀልባ» አለ ሻጩ።

ቀስበሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አንጀቴን በላው። ዋጋውን ስንት ሳምንት ከመንገድ ላይ በመስታወቱ በኩል ሲያነበው ነው የከረመው፤ ከመንገድ ሲታይ ደግሞ የጀልባው ጅራት በግድግዳው ተከልሏል። ሞተሩ አለ ብሎ በልቡ ገጥሞት ነበር።

ቀስበሉ የአጥር ጎረቤቴ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ጀልባው ሲገባ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሲል ስለኖረ ግን የገዛ ሚስቱ እንኳ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። ሥራው ሰው ማሻገር ነው። ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ያለውን ወዲያ ማዶ፣ ከወዲያ ያለውን ወዲህ። ባለፈው ወር የወደቡ ተቆጣጣሪ መጥቶ የእንጨት ጀልባውን ሆድ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገና ቀይ ቀለም ቀባበት። በቃ፣ ሰው አይጫንበትም። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበርም እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ሰጠው። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ ይዞ ወደቡ ላይ ከተገኘ ተራው የራሱ ነው። ካልተገኘ ተራውን ከኋላው የሚጠብቀው ይወስደዋል፤ እሱም በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የሰው ጀልባ ላይ ገመድ ጠምጣሚ ይሆናል። እኛ ሱቁ የገባነው ማክሰኞ ነው።

እኔን ምን አገባኝ ካላችሁ፣ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ አለኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ በዋጋ ክርክር ግን ሰፈሩ ያውቀኛል። የቀስበሉ ሚስት የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች ማለዳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝና «አብረሽው ሂጂ፤ ብቻውን ከሄደ ጫማውንም አውልቆ ነው የሚሰጣቸው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀስበሉ ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም። እሱ ጀልባ ላይ ዋጋ አንድ ነው፤ ሐይቁ መሃል ሞተር አጥፍተው «ጨምሩ» የሚሉ አሉ፤ እሱ እነዚያን ሰላም አይልም።

ሻጩ ወደ ጠረጴዛው ወሰደንና ወረቀት ላይ ጻፈልን። ገላው አራት መቶ ሰማንያ። ገላ የሚሉት ባዶውን ጀልባ ነው። ሞተር፣ አርባ የፈረስ ጉልበት፣ መቶ ዘጠና። ገጠማ አርባ ስድስት። ከፋብሪካ ማጓጓዣ ሃያ ስምንት። ማዘጋጃ አሥራ ስድስት። ሁሉም በሺህ ነው እንግዲህ፤ ሲደመር ሰባት መቶ ስድሳ።

የቀስበሉ ባንክ ውስጥ ያለው ስድስት መቶ ሃምሳ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጠብታ። ከአራት መቶ ሰማንያው የሚተርፈው ለሸራ ጣራ፣ ለመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ከዚያም ለሚያፈሰው ኩሽና እንደሚሆን ባልና ሚስቱ ሲያወሩ በአጥር ስንት ቀን ሰምቻለሁ። አጥራችን ቀጭን ነው፤ እኔ ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም።

«ማዘጋጃ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጀልባውን ማዘጋጀት።»

«ለምኑ?»

«ለእናንተ።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል። ወገቤን አስተካከልኩ። ክርክር ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዕቃውን ታጣጥላለህ። ቀለሙ ልጅ የቀባው ይመስላል፣ ጠርዙ ይቧጭራል፣ መቀመጫው ጠባብ ነው አልኩ። ቀስበሉ «መቀመጫውስ ሰፊ ነው» አለ። እግሩን ረገጥኩት። ሁለተኛው ግማሽ ዋጋ መጥራት ነው። «ለገላው ሁለት መቶ ሃምሳ» አልኩ። ሻጩ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው ያናደደኝ። በእኔ ሱቅ ለመጋረጃ ግማሽ ዋጋ የጠራችኝን ሴት እስከነእናቷ ነው የማስታውሳት። እሱ ግን «አይሆንም እናቴ» ብሎ ብዕሩን ከደነ። እናቴ የሚለኝ በስንት ዓመት ልበልጠው ነው?

ሦስተኛው ደረጃ መውጣት ነው። መውጣትም አካሄድ አለው። ቶሎ ከሄድክ ጥሪው አይደርስብህም፤ ከዘገየህ ልብህን ያዩብሃል። ቀስበሉን በእጅጌው ይዤ፣ አንድ ጆሮዬን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመድኩ ወጣሁ። በእኔ ሱቅ ደንበኛ ደፉን ሳይረግጥ ነው «ነይ እስኪ፣ ስንት ልትጨምሪ ነበር?» የምለው።

በሩ ከኋላችን ራሱ ተዘጋ። የጠራን የለም።

«አሁንስ?» አለ ቀስበሉ።

«ዝም ብለህ ጠብቅ። ይጠራናል።»

ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥን። በመስታወቱ በኩል ሻጩ ይታያል። ስልክ አወራ። ምሳውን ከዕቃ አውጥቶ በላ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያኝከው። ጥርሱን ፋቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ እኛ ዞር ብሎ አላየም። እኔ ሦስት ሻይ ጠጥቼ ሆዴ ውሃ ሲሆን ቀስበሉ የመጀመሪያውን እንኳ አልጨረሰም።

ይሄኔ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ሱቁ ገባና ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ያንኑ ጀልባ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መለካት ጀመረ።

ቀስበሉ ብድግ አለ። «ሊወስደው ነው።»

«ተቀመጥ። አስመሳይ ነው፤ እነሱ ናቸው የሚልኩት።»

ማን ሊሰማኝ። መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ያላለው ያኔ ነው። ሂሳቡን ከፍዬ እየሮጥኩ ተከተልኩት። ስንገባ ሻጩ ቀና አለና፣ «የረሳችሁት ነገር አለ?» አለን።

ባርኔጣው ሰውዬ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ቀስበሉ ተነፈሰ። ሻጩም የሆነ ነገር አሰበና፣ «ስለተመለሳችሁ ከገላው ላይ ሠላሳ ልቀንስላችሁ» አለ። በራሱ አፍ። እኔ እዚህ ላይ ኮራሁ፤ አልዋሽም። ቀስበሉን በዓይኔ «አየህ?» አልኩት። አዲስ ወረቀት ተጻፈ። ገላው አራት መቶ ሃምሳ። ሞተር ያው። ገጠማ ስድሳ ሁለት።

«ቅድም አርባ ስድስት ነበር» አልኩ።

«ቅድም መሪው ሳይቆጠር ነው።»

«መሪ የሌለው ጀልባ ልትሸጥልን ነበር?»

«መሪ ለብቻው ነው» አለ፤ ይህን ቃል ስንት ሰው ፊት ስንት ጊዜ እንዳለው ከድምፁ ይታወቃል።

ድምሩ ሰባት መቶ አርባ ስድስት። ከላይ ሠላሳ ሰጥቶ ከታች አሥራ ስድስት ወሰደ። የሁለት ሰዓት ሻይ ያወረደልን አሥራ አራት ሺህ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ፤ ከሻዩም ጋር ሌላ ጉዳይ ስለነበረኝ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጓሮው ውስጥ አንድ መካኒክ ሞተር ፈቶ ተቀምጧል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ስመለስ «እትዬ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከቀስበሉ ጋር ነው አይደል የመጡት? ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ በነጻ ያሻግረኝ ነበር። እሱ አያስታውሰኝም።»

«ከሆነ ንገረኝ» አልኩት ባልዲ ገልብጬ እየተቀመጥኩ። «ይሄ ሰውዬ የሚያተርፈው የት ላይ ነው?»

ሳቀ። «እናንተ የምትከራከሩት ገላው ላይ ነው። ከገላው ቤቱ የሚያገኘው ከመቶ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። እሷም ብትሆን ኪራይ አለባት፣ መብራት አለባት፣ እኔ አለሁባት። ጀልባ እንደ ዳቦ በየቀኑ አይሸጥም፤ ይሄ የእናንተው አሥራ አንድ ወር ቆሟል። ሞተሩ ላይማ የለም ይበሉት፤ የሞተርን ዋጋ ሁሉም ሱቅ ያውቀዋል።»

«ታዲያ?»

«ከወረቀቱ ታች። ገጠማ የሁለት ቀን ሥራ ነው። የምሠራው እኔ ነኝ፣ ደሞዜ ደግሞ የወር ነው፤ ብገጥምም ባልገጥምም ያው። ማጓጓዣ ያሉት ስድስት ጀልባ በአንድ መኪና ነው የሚመጣው። ስድስቱም ብቻቸውን እንደመጡ ይከፍላሉ።»

«ማዘጋጃውስ?»

ከአጠገቡ እርጥብ ጨርቅ አንስቶ አሳየኝ። «ይሄ ነው። ላስቲኩን እልጣለሁ፣ አጥበዋለሁ።»

«በአሥራ ስድስት ሺህ?»

«ሳሙና አለው።»

ግማሽ ቀን ሙሉ የቤቱን መስኮት ስደበድብ በሩ ከጎኔ ክፍት ነበር ማለት ነው። ልነሳ ስል መካኒኩ ወደ በሩ አየት አድርጎ፣ «ዋናውን አልነገርኩዎትም» አለ። «ፋብሪካው በዓመት ሃያ ጀልባ ለሸጠ ቤት ተመላሽ ይሰጣል። ለሃያኛው ብቻ አይደለም፣ ለሃያዎቹም፣ ከእያንዳንዱ ላይ። እኛ አሥራ ዘጠኝ ሸጠናል። ዓመቱ የሚዘጋው አርብ ማታ ነው። መፈረም ብቻ አይበቃም፤ ገዢው ይዞት ሲወጣ ነው የሚቆጠረው።»

«ባርኔጣው ሰውዬስ?»

«እሱ በየወሩ ይመጣል። ይለካና ይሄዳል።»

ለካ ያ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬም እንደኛው ቀን ይቆጥራል። እኛ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ አርብ ማታ። ልዩነቱ፣ የእሱን እኔ አውቄያለሁ፤ የእኛን እሱ አያውቅም። ወደ ቢሮው ስመለስ በሃምሳ ዓመቴ አሥራ ሰባት ዓመት የቀነስኩ መሰለኝ።

ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። «እንዲህ እናድርግ» አልኩ፣ «ጀልባውን ወደነዋል። ግን የምንወስደው ሰኞ ነው።»

ቀስበሉ ዘወር ብሎ አየኝ። በክርኔ ጎሰም አደረግኩት።

«ምነው?» አለ ጮክ ብሎ።

ሻጩ አልሰማውም፤ «ሰኞ» የሚለው ላይ ቀርቷል። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ያለ መነጽር ትንሽ ነው። «ለምን ሰኞ? አርብ ለምን አይሆንም?»

«አርብ አይመቸንም።»

«አርብ ብትወስዱት ማዘጋጃውን እተውላችኋለሁ።»

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም። ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ሲጮህ ይሰማል። ሻጩ ብዕሩን አነሳ። «ማጓጓዣውንም…» አለና ቆመ። ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ወረደ፣ ማጓጓዣው ላይ ቆየ፣ ገጠማው አጠገብ ደረሰ። አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር የምፈልገው። ልጅ ስወልድ እንኳ እንዲያ ትንፋሼን ይዤ አላውቅም።

«እኔ ግን» አለ ቀስበሉ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ካልተገኘሁ ተራዬን ይወስዱታል።»

ሻጩ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

«ቀይ ቀለም ቀብተውብኝ ነው» ብሎ ጨመረበት፤ ያልጎደለውን እንዲሞላ። «አርብ ነው የምፈልገው። ሰኞ አይሆነኝም፤ እሷ ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም።»

ሻጩ መነጽሩን አጠለቀ። ጨዋ ሰው ነው፤ አልሳቀም፣ እኔንም አላየኝም። «ማዘጋጃውን ትቼላችኋለሁ፤ ቃሌ ነው» አለ። «ማጓጓዣውን ግን ገና እያሰብኩት ነበር።»

ሰባት መቶ ሠላሳ ላይ ቆምን። የጎደለው ሰማንያ ነው። ሻጩ መሳቢያውን ስቦ የአንድ አበዳሪ ቤት ቅጽ አወጣ፤ ሰማንያው በዓመት ውስጥ ተከፍሎ ሲያልቅ ዘጠና ሁለት ይሆናል።

«የአበዳሪው ወረቀት አንተ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?» አልኩት፤ በዚያ ሰዓት ከመናገር በቀር ምንም አልቀረኝም።

«ደንበኛ ስልክላቸው ያስቡልኛል» አለ፤ ሳይደብቅ።

ቀስበሉ ፈረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አርብ እኩለ ቀን ሞተሩ ተገጥሞ፣ መሪው ተገጥሞ፣ ወደቡ ድረስ እንደሚደርስ ተጻፈለት። በመስኮቱ በኩል መካኒኩ ጨርቁን ሲጨምቅ አየሁት።

መንገድ ላይ አልቻልኩም።

«አንተ ሰው፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ምን ያቅትሃል?»

«ጠየቀና።»

«እኔን ነው የጠየቀው።»

«አንቺ ደግሞ ሰኞ አልሽው። ሰኞማ ውሸት ነው።» ትንሽ ሄድን። «እኔ አሁን እንነሳለን ብዬ ሳልነሳ የቀረሁበት ቀን የለም። ሰው ልጁን ታቅፎ ተቀምጦ እየጠበቀኝ፣ ሌላ ሰው እስኪሞላ ብዬ ዋሽቼው አላውቅም። እንዴት አድርጌ ልልመደው አሁን?»

«ሃምሳ፣ ስድሳ ሺህ ነበር እኮ የሚቀንስልን። የኩሽናህ ጣራ ነበር።»

«አይቼዋለሁ፣ ብዕሩ ሲወርድ። ሰውዬው አሳዘነኝ።»

«አንተንስ ማን ይዘንልህ?»

መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዝ አድርጎ «ቀስ በይ» አለኝ፤ ንዴቴን ይሁን መኪናውን አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ሚስቱ ከሥራ ተመልሳ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት እግር ምን እንደሚመስል የቆመ ያውቀዋል። ቀስበሉ ሊያወራ አልፈለገም፤ ከጎኗ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። ስለዚህ እኔ ነገርኳት፤ ቢያንስ ሰው ይወቅልኝ ብዬ። ገላው ለብቻው እንደሆነ፣ ሞተሩ ለብቻው፣ መሪው ለብቻው። ከገላው ከመቶ አሥራ ስምንት እንደሆነ፣ ስድስት ጀልባ በአንድ መኪና ተጭኖ ስድስት ጊዜ እንደሚከፈልበት፣ ሳሙናው አሥራ ስድስት ሺህ ሊያስከፍለን እንደነበር። ፋብሪካው ለሃያዎቹ እንደሚመልስ፣ እኛ ሃያኛ እንደሆንን፣ ሃያኛ መሆናችንን ይዘን ባዶ እጃችንን እንደወጣን። ሰማንያው ዘጠና ሁለት እንደሚሆን፣ ከዘጠና ሁለቱም ላይ ለሰውዬው የሚታሰብለት እንዳለ። ባሏ አፉን የከፈተበትን ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

እሷ እግሯን ከውሃው አወጣች፣ በፎጣ አደረቀች፣ በየጣቶቿ መካከል። ስጨርስ ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይንሳፈፋል?»

ቀስበሉ ጫማውን አጠገቡ አስቀመጠ።

«እሱ ዋጋው ውስጥ አለ አሉ።»